ጡረታን አትጠብቁ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አረጋውያን ጤና ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን በ35 እና በ45 ላይ ላለነውም ጻፉልን፣ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

እኔ 44 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ሂሳብ እሠራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ለብዙ ዓመት ከሥራ በኋላ በርጫ፣ ማታ ምርቃናው አላስተኛ ሲለኝ ጨብሲ፣ ጠዋት ሐራራና ራስ ምታት፣ በመሀል ምግብ የሚባል ነገር የለም፣ ደግሞ ማታ በርጫ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ይሄን የሰማሁት ግፊቴ ተለክቶ ከደነገጥኩ በኋላ ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፣ እኔንም አላመመኝም ነበር። የነበረብኝ ሌላ ነው፦ ልጆቼ ላይ መነጫነጭ፣ በምንም ነገር አለመደሰት። ኑሮ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ እንቅልፌን የጠየቀኝም አልነበረም።

አሁን ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት የጅሬንን ዳገት እወጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን ማለት ነው። ቡናዬን አልተውኩም፣ ጨው የሚጨመርበትን ግን ትቻለሁ፣ እናቴ ቅር ብሏታል።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለበት ጥናት አለው። 50 ዓመት ሳይሞላቸው ሲጋራ ያላጨሱ፣ መጠጥ ያላበዙ፣ የሚንቀሳቀሱና ትዳራቸው የጸና ወንዶች፣ ሲያረጁ ጤነኛም ደስተኛም ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ሰፋ ያለ ነበር። ትዳርም እንዳለበት ልብ በሉልኝ። በርጫ ሰው ያገናኛል የሚሉኝ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔም የናፈቀኝ ጫቱ ሳይሆን ጨዋታው ነው፣ ብቻውን የሚተው ሰው የሚመለሰውም በዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ጓደኞቼን ዳገቱ ላይ መጥራት ጀመርኩ። ቅዳሜ ሁለቱ መጡ። አንዱ ደክሞት ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለ፣ እኛም አብረነው ተቀምጠን እስክንጠግብ ተጫወትን። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀስቅሱኝ ብሏል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ