ያ መንጋጋ አይተካም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች ጥርስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳነብ ደሜ ፈላ። የሰባት ዓመት ልጅ የኋላ ጥርስ ቢቦረቦር ወላጅ አይደንግጥ፣ ወልቆ ሌላ ይተካዋል ይላል። የትኛው የኋላ ጥርስ? ይህን ሳትለዩ እንዴት ታትማላችሁ?

የወተት ጥርስ 20 ነው። ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አምስት አምስት። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከእነሱ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ለእሱ ብሎ የሚወልቅ ጥርስ የለም፤ ጣሪያ ላይ የሚወረወርም የለም። ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። እሱ ግን ቋሚ ነው። አንዴ ከሄደ ሄደ።

እኔም ልብ አላልኩትም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ «እማ፣ ጥርሴ ውስጥ ምግብ ይገባል» ትለኝ ነበር። እናቴም፣ ጎረቤትም፣ ያሳየኋት ባለሙያም «ይወልቃል» አሉኝ። ልክ እንደናንተ። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ጉንጯ አብጦ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ለመሙላት ዘግይቶ ነበር፤ ተነቀለ። ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ይዛው መጣች፣ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ከዚያ በየጠዋቱ መስታወት ፊት አፏን ከፍታ አዲሱን ትፈልጋለች። እንደማይመጣ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስለ ከረሜላ የጻፋችሁት ትክክል ነው። ግን ይህ መንጋጋ ሲበቅል ላዩ በሙሉ ስርጉድ ነው፤ ከጎረቤቱም ዝቅ ስለሚል ብሩሹ በላዩ ያልፋል። ብሩሹን ከጉንጭ በኩል አግድም አስገብቶ እሱን ለብቻው መፋቅ ያስፈልጋል፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና። ስርጉዱን ሐኪም በስስ ሽፋን ሊደፍነውም ይችላል።

«የጥርስ ሐኪም ያማክሩ» ብላችሁ ጨርሳችኋል። እኛ ከተማ የጥርስ ሐኪም የለም! ልጄን ያስነቀልኩት አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ መስመር ነበር፦ ከፊት ጥርስ መሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ ስድስተኛው ቋሚ ነው። ይህችን መስመር በዚያው ገጽ ላይ አውጡልኝ።

ልጄ አሁን 11 ዓመቷ ነው። ቀጣዩ መንጋጋ 12 ገደማ ይመጣል፤ ሐኪሙ ወደ ባዶው ቦታ ሊያጋድል ይችላል ብሎኛል። በየማታው በስልኬ መብራት አያለሁ።

አንዲት እናት