«በ10 ቀጠሮ ያልቃል» ላሉሽ

ለልጄ፣ ሐይቅ ከተማ

አሰላሙ አለይኪ ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። መልእክትሽ ደርሶኛል። የአገጭሽን ፀጉር በኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም በመርፌና በኤሌክትሪክ ከሥሩ እየገደሉ፣ ለማስጨረስ የጠየቅሻቸው ሰዎች «በ10 ቀጠሮ ያልቃል» ብለውሻል፤ አንቺ ደግሞ ከክረምቱ እረፍትሽ ጋር ይገጥም እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አብሽሪ፣ የሚሰላ ነገር ነው። በቀጠሮ ብዛት ግን አይሰላም። ቀጠሮ 15 ደቂቃም ይሆናል፣ 1 ሰዓትም ይሆናል፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይነግሩሽ «10 ቀጠሮ» ማለት ምንም አልነገሩሽም ማለት ነው። የሚቆጠረው መርፌው በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደሚገባና በደቂቃ ስንት ፀጉር እንደሚሠራ ነው።

ሥራውን ካወቅሽው ስሌቱ ቀላል ነው። ከፀጉሩ የማይወፍር መርፌ ፀጉሩ በበቀለባት ቀዳዳ ቁልቁል እስከ ሥሩ ይገባል፤ ቆዳውን አይበሳም። ከዚያ ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ ይለቀቅና ፀጉር አብቃዩን ክፍል ይገድለዋል፤ የለቀቀው ፀጉር በወረንጦ ይነሳል። አንድ በአንድ ነው፤ አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ የተሠራበትም ለመልክ አልነበረም። በ1875 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ሚሸል የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍትን ለማጥፋት እንደተጠቀመበት ጻፈ። በእኛም አገር ትራኮማ ያለባቸው ብዙ እናቶች ያንኑ ሽፋሽፍት በወረንጦ እየነቀሉ ነው የሚኖሩት፣ እየነቀሉትም ይመለሳል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ነቅሎ ማውጣት ሥሩን አይገድለውም።

አሠራሩ ሦስት ዓይነት ስለሆነ ጊዜውም ይለያያል። ጋልቫኒክ የሚባለው በቀዳዳዋ ውስጥ ያለውን ጨውና እርጥበት ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለውጠዋል፤ ሳሙና የሚሠሩበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። ሥሩን በደንብ ያጠፋል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ በአንድ መርፌ ሲሠራ በደቂቃ አንድ ፀጉር ገደማ ነው። ቴርሞሊሲስ በከፍተኛ ድግግሞሽ ሞገድ ሥሩን ያሞቀዋል። የሚለቀቀው ከ1 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ሊሆን ስለሚችል ፈጣን እጅ በደቂቃ 8 ሊሠራ ይችላል፤ ሥሩ ጠማማ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሳይደርሰው ይቀርና ፀጉሩ ይመለሳል። ብለንድ ሁለቱን ያጣምራል፤ ለአንድ ፀጉር ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰከንድ ይወስዳል፣ መርፌ ማስገባቱና ማንሳቱ ሲጨመርበት በደቂቃ 4 አካባቢ ይሆናል። ለአገጭ ወፍራም ፀጉር እኔ ብለንዱን እመርጥልሻለሁ። የትኛውን እንደሚሠሩ ጠይቂያቸው፤ መመለስ የማይችል ሰው ፊትሽን አይንካው።

አሁን ወደ ቆጠራው። አስቀድመሽ መንቀልሽን አቁሚ፤ ወረንጦም፣ ክርም፣ ሰምም። የተነቀለ ፀጉር ሳምንታት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፤ ስለዚህ ነቅለሽ ከሄድሽ የሚሠራ ፀጉር አይገኝም፣ ቆጠራውም ውሸት ይሆናል። እስከዚያው በመቀስ ቁረጪው ወይም በምላጭ ላጪው። ምላጭ ፀጉር ያወፍራል የሚለውን የሰፈር ወሬ ተዪው፤ ምላጭ ሥር አይነካም። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉንም ላጪና 4 ወይም 5 ቀን ጠብቂ። ያኔ ብቅ ያለው በማደግ ላይ ያለው ፀጉር ነው፤ ያረፈው አያድግም። መርፌው በደንብ የሚይዘው ደግሞ የሚያድገውን ነው።

ከዚያ ከደብተር ወረቀት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቅደጂ። ጠዋት መስኮት አጠገብ መስተዋት ይዘሽ ተቀመጪና ወረቀቱን አገጭሽ ላይ ሦስት ቦታ እያስቀመጥሽ በቀዳዳው የሚታየውን ወፍራም ፀጉር ቁጠሪ። ለስላሳውን፣ ሁሉም ሴት ያላትን ላባ መሳይ አትቁጠሪ፤ እሱ አይነካም። የሦስቱን አማካይ በቦታው ስፋት አባዢው። ለምሳሌ አማካዩ 12፣ ቦታው ከአገጭ እስከ አገጭ ሥር 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን 360 ፀጉር ይመጣል።

ይህ ግን የሚታየው ብቻ ነው። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበቅልም፤ ገሚሱ ሲያድግ ገሚሱ ቀዳዳው ውስጥ አርፎ ተራውን ይጠብቃል። አገጭ ላይ ሲሦው ተደብቋል ብለሽ ያዢው፤ ከዚህ ቢበዛ ግምትሽን ያስረዝመዋል እንጂ አያበላሸውም። 360ው ሁለት ሦስተኛ ከሆነ ጠቅላላው 540 ነው። ደግሞ እያንዳንዱ ፀጉር በአንድ ምት፣ ማለትም መርፌው አንዴ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት፣ አይሞትም። ከመቶ 40ው ይመለሳል እንበል። የተመለሰው ሲሠራ ከእሱም 40 በመቶው ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ሲደመር 540ን ለ0.6 እንደማካፈል ነው፤ 900 ምት። በደቂቃ 4 ቢሠሩ 225 ደቂቃ። መብራት ለማስተካከል፣ ቆዳ ለማጽዳት፣ አንቺም እፎይ እንድትዪ አንድ አምስተኛ ጨምሪበት፤ 270 ደቂቃ ይሆናል፣ 4 ሰዓት ተኩል። እጁ ያልጠና ሰው ገጥሞሽ ከመቶ 60ው ቢመለስ ደግሞ 540 ለ0.4፣ ማለትም 1,350 ምት፣ በዚያው ስሌት 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ስለዚህ የአንቺ ምሳሌ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ባለው ውስጥ ይወድቃል። ያው 900 ምት በጋልቫኒክ ቢሠራ 15 ሰዓት ነው፣ የሚመለሰው አነስተኛ ቢሆንም።

ሰዓቱ ትንሽ ነው፤ ወራቱ ግን ብዙ ናቸው። ያረፈውን ፀጉር ማንም ቀስቅሶ አያወጣውም፤ ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ተኩል ያስፈልጋል። ክረምቱ መጀመሪያውን ይሸፍንልሻል እንጂ አይጨርሰውም።

እንዲህ አድርጊው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ አክስትሽ ቤት ስትሆኚ በሁለት ሳምንት ውስጥ 55 55 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሂጂ፤ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ሌላ ቀን የተዘለለውን ይሥሩ። የሚታየው 360 በዚህ ይጸዳል። በነሐሴ በሁለት ሳምንት ልዩነት 40 40 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በወር አንድ ጊዜ 25 ደቂቃ፤ ከጥር እስከ ሰኔ በየስድስት ሳምንቱ 15 ደቂቃ፣ አራት ጊዜ ያህል። ድምሩ 350 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። አየሽ፣ 12 ቀጠሮ ነው፤ ለ15 ደቂቃ ብለሽ ግን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሳፈሪያለሽ። መሃል ላይ ሰው የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ከጥር ወዲያ ያሉትን ቀጠሮዎች ከመምህራን ስብሰባ ወይም ከሌላ ጉዳይ ጋር አገናኚያቸው፤ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ሦስት ወር ግን አይዝለል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፊትሽ ጥርት ይልና ያለቀ ይመስልሻል፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ብቅ ይላል። «አልሠራም» ብለሽ እንዳትናደጂ። ያ አብዛኛው አርፎ የነበረው፣ ገና ያልተነካው ነው። በትክክል ተመትቶ የተመለሰ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፣ ሲመጣም ቀጥኖ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወፍሮ የሚመጣ ካለ ወይ ከቆዳ ሥር ብቅ ሊል የነበረ ነው፣ ወይም ሳይሞት የተነቀለ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ወንበሩ ላይ ተኝተሽ ማወቅ ትችያለሽ። በትክክል የተመታ ፀጉር ከቅቤ ላይ እንደሚነሳ ፀጉር ሳይጎተት ይወጣል። ወረንጦው ባነሳ ቁጥር ቁንጠጣ ከተሰማሽ እየነቀሉሽ ነው፤ ወዲያው ንገሪያቸው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ መርፌው ሳይጠልቅ መለቀቁ ወይም ኃይሉ ማነሱ ነው። ሳይጠልቅ ኃይል ከጨመሩበት ይባስ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ቆዳ ይቃጠላል፣ ነጭ ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ እከክና ጥቁረት፣ ሲብስም ጉድጉድ ያለ ጠባሳ። የሚጠጋጉ ፀጉሮችን በአንድ ቀን ሁሉንም መምታትም እንዲሁ ነው፤ እያሰለሱ ይሥሩ።

የእኛ ቆዳ ከቁስል በኋላ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ወራት ሊቆይ ይችላል። ሌዘር የፀጉሩን ቀለም ይፈልጋል፤ ኤሌክትሮሊሲስ ግን ስለማይፈልግ ለጠይምም ለጥቁርም ቆዳ፣ ለነጭ ፀጉርም ይሠራል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ኬሎይድ፣ ማለትም ጎልቶ የሚያብጥ ጠባሳ፣ የሚወጣበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር፤ ልብ ላይ የተተከለ ማሽን ያለበትም አይሠራ። መርፌው አንቺ እያየሽ ከታሸገ ፓኬት ይከፈት፣ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ይዋል፤ ሄፓታይተስ ቢ ቀልድ አይደለም።

ከሠሩሽ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ትንሽ ያዢበት። ለሁለት ቀን ሜካፕ፣ ቅቤና ሙቅ እንፋሎት ይቅር። ወይባ ጢስም እንዲሁ፤ አክስትሽ «ፊት ያጠራል» ብላ ልታስገባሽ ትችላለች፣ እምቢ በያት። ትናንሽ እከኮች ቢወጡ በራሳቸው እስኪረግፉ አትነካኪያቸው። ፀሐይ ላይ ነጠላሽን ሳብ አድርጊ፤ ጥቁረቱን የሚያጸናው ፀሐይ ነው።

ስሌቱን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፣ ሆርሞን። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ፣ ብጉር ከበዛብሽ፣ ወይም ፀጉሩ ሆድና ደረት ላይም ከጀመረ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው፣ ከእንቁላል ማምረቻው ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ያኔ ለስላሳው ፀጉር እየወፈረ አዲስ ሥራ ይጨምራል፤ የሞተው ሞቶ ሳለ አጠገቡ ሌላ ይበቅላል። 540 ብለሽ የጀመርሽው ቁጥር በመንፈቅ ውስጥ 700 ሊሆንብሽ ይችላል። ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ቢኖርም በፀጉር ላይ ለውጡ የሚታየው ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ስለዚህ ከሐምሌ በፊት ደሴ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂና ተመርመሪ። ድምፅሽ መጎርነን ከጀመረ ወይም ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት የበዛ ከሆነ ሐምሌን አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

ክፍያውን በተመለከተ 10 ቀጠሮ በአንድ ላይ አትክፈይ። በደቂቃ ስንት እንደሆነና ደቂቃው ከመቼ እንደሚቆጠር ጠይቂ፤ ከበር ከገባሽበት ነው ወይስ የመጀመሪያው መርፌ ከገባበት? መጀመሪያ የ15 ደቂቃ ሙከራ አሠሪ። ስልክሽ ላይ ሰዓት ክፈቺና በ5 ደቂቃ ስንት ፀጉር እንዳነሱ ቁጠሪ፤ 20 ከሆነ የእኔ ስሌት ልክ ነው፣ 10 ከሆነ ሰዓቱን እጥፍ አድርጊው። ከዚያ በወረቀቱ ቀዳዳ ያገኘሽውን ሦስት ቁጥር፣ የቦታውን ስፋትና ይህን የ5 ደቂቃ ቁጥር በስልክ ላኪልኝ፤ ለአንቺ ፊት አስልቼ እመልስልሻለሁ።

እናትሽ፣ ከኮምቦልቻ