ለጥምቀት ፖስተር የምትሠሩ፣ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። የጥር 11 ሥራችሁን በኢፒኤስ (EPS በሚባለው የቆየ የግራፊክስ ፋይል ዓይነት) ወደ ማተሚያ ቤት አትላኩ። ኢፒኤስ ትራንስፓረንሲን (ከሥር ያለውን የሚያሳይ አሳላፊነትን) አይዝም፤ በፋሲል መዋኛ ውኃ ላይ ቀስ እያለ የሚጠፋው ሰማያዊ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለም) በፒክስል (በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ወደተሠራ ምስል ይቀየራል፣ ወይም በነጭ ሳጥን ተከቦ ይወጣል።

ኢንክስኬፕ በሚባለው የግራፊክስ ፕሮግራም የምትሠሩ፣ ስታስቀምጡ የፒዲኤፍን 1.5 ስሪት ምረጡ፤ ሬዞሉሽኑን (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለውን የነጥብ ብዛት) 300 አድርጉት። ብለር ያለበት (ዳሩ የደበዘዘ) ጥላ ሁሉ ወደ ፒክስል ስለሚቀየር፣ 96 ላይ ከተተወ ዳሩ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታተማል። ግራዲየንቱ የሚጠፋበት ጫፍም ያው ሰማያዊ ሆኖ ኦፓሲቲው (የቀለሙ ድፍንነት) ብቻ 0 ይሁን፤ ጥቁር ከሆነ መሐሉ ላይ አመድማ ጭጋግ ይፈጠራል፤ በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት ይሄ ነው።

በኢሉስትሬተር ፕሮግራም ከሆነ፣ ለኅትመት ከተዘጋጁት የፒዲኤፍ ዓይነቶች ፒዲኤፍ ኤክስ 4 (PDF/X-4) ይሻላል። ኤክስ 1ኤ (PDF/X-1a) ትራንስፓረንሲውን ስለሚጨፈልቀው (ከሥሩ ካለው ጋር ቆራርጦ አንድ ንብርብር ስለሚያደርገው) በመጋጠሚያው ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመር ሊታይ ይችላል። ማተሚያ ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ።