ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፦ የላይተር ፈተና አይበቃንም

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር የኮንዶሚኒየም ቤቴን ሳሎን ላሳምር ብዬ የግድግዳ ሰሌዳ ልገዛ ወጣሁ። ደብሊው ፒ ሲ የሚሉትን፣ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራውን። ሻጩን «እሳት አይዘውም?» አልኩት። ላይተር ለኮሰና ሦስት ሰከንድ ያህል አስጠግቶ አነሳው። «አየሽ? ምንም አይሆንም!» አለኝ።

ቁራጭ ለምኜ ይዤ መጣሁ። ከብሎካችን ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ አድርጌ ሻማ አስጠጋሁበት። መጀመሪያ ጠርዙ ጠቆረ። ከዚያ ተያያዘ። ሻማውን ባነሳም አልጠፋም። የሚንጠባጠበው ድንጋዩ ላይ ወድቆም ይነድ ነበር። የልጄ አልጋ ልለጥፍበት ካሰብኩት ግድግዳ ሥር ነው።

እንጨት ሲቃጠል ላዩ ከሰል ይሆንና ውስጡን ለጊዜው ይከልላል። ለእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ከሚውሉት ፕላስቲኮች አንዱ የሆነው ፖሊኤትሊን ግን ቀልጦ ይወርዳል፣ እሳቱንም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 የለንደኑ ግሬንፌል ታወር ነዶ 72 ሰው አለቀ። እሳቱን ፎቅ ለፎቅ ያዳረሰው በዋናነት የውጭ ልባሱ ነው፤ በሁለት ስስ አልሙኒየም መካከል የነበረው ፖሊኤትሊን። እኛ ክላዲንግ የምንለው ዓይነት ማለት ነው።

መከላከያው አለ። ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ከፕላስቲኩ ጋር ሲቀላቀል፣ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃ እየለቀቀ እሳቱን ያቀዘቅዛል። አሞኒየም ፖሊፎስፌት ደግሞ ላዩ ላይ የከሰል ቅርፊት ያበጃል። ግን ወጪ አለው። የሚጠይቅ ከሌለ ለመተው በጣም ቀላል ነው።

በሌላ በኩል፣ እሳት ይከላከላል ተብሎ መርዝ እንዳይገባብንም እፈራለሁ። ዴካ ቢዲኢ የተባለው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2017 በስቶክሆልም ስምምነት፣ ማለትም በቀላሉ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ውል፣ መወገድ ካለባቸው ጋር ተመድቧል። አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። ይህ ኬሚካል ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ሽፋን በተፈጨ ፕላስቲክ በኩል ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚሸጥ ማንኛውም የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ከውጭ ይምጣ እዚህ ይመረት፣ አስገዳጅ የእሳት ደረጃ ይኑረው። በላቦራቶሪ ይፈተን። ውጤቱና የተቀላቀለበት ነገር ከጀርባው በአማርኛ ይጻፍ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እሱም የሚያነበው ነገር አልነበረውም።

ሰሌዳውን አልገዛሁም። ግማሹ የተቃጠለው ቁራጭ ግን እቤቴ አለ። ቀን ከሰጣችሁኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ