ወተቱና እርሳሱ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ሐዋሳ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከአዳማ ሙቀትና አቧራ በቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያንተን ብር ሳልመልስ መቅረቴ አሳፍሮኝ ነው። ወደ ብሩ እመለሳለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው አንድ የድሮ ደንበኛችን አገኘኝና ዛሬም ባትሪ እንደምትሠራ፣ ያውም የባትሪውን እርሳስ እግቢህ ውስጥ እንደምታቀልጥ ነገረኝ። እንቅልፍ ነሣኝ።

አሠሪያችን የሚገዛልን ወተት ትዝ ይልሃል? «ጠጡ፣ መርዙን ያጥባል» ይለን ነበር። እኛም ግጥም አድርገን ጠጥተን፣ እጃችንን በጨርቅ ጠረግ አድርገን ሳምቡሳችንን እንበላ ነበር። እኔ እስከ ዓምና ድረስ አምኜው ኖሬአለሁ። ድካሙና የሆድ ቁርጠቱ ሲበረታብኝ ደሜን አዲስ አበባ ልከው አስመረመሩልኝ። እርሳስ ሞልቶበታል። ጉበቴም ተቆጥቷል አሉኝ።

ሐኪሟን ስለ ወተቱ ስጠይቃት ሳቀች። ጨርሶ ውሸት አይደለም አለችኝ። ካልሲየምና አይረን አንጀት ላይ ከእርሳስ ጋር በአንድ በር ይጋፋሉ። እነሱ ሲጎድሉ በሩ ለእርሳሱ ወለል ይላል። ሆድ ባዶ ከሆነማ ይብሳል። በሳንባ የገባውን ግን ወተት የት አግኝቶት ያጥበዋል? አጥንት ውስጥ የተደበቀውም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ነው።

ሲጋራውንስ ተውክ? ትምባሆ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዘኛ ብረት ከአፈር ይስባል። ጉበት ካድሚየም ሲደርሰው ሜታሎታዮኒን በሚባል ፕሮቲን ጠፍንጎ ያስረዋል። ፕሮቲኑን መጀመሪያ ያገኙት በ1957 እ.ኤ.አ. ከፈረስ ኩላሊት ነው፤ የጋሪ ፈረስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጉበት ይህን ፕሮቲን እንዲሠራ ከሚቀሰቅሱት አንዱ ዚንክ ነው። ግን የታሰረው አይጠፋም። ቀስ እያለ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ እዚያ ከ10 ዓመት በላይ ይቀመጣል።

ይህን ስሰማ የዚንክና ሴሌኒየም የሚባል የሌላ ማዕድን ክኒን ልገዛ ሮጥኩ። ታውቀኛለህ። ሐኪሟ ተቆጣችኝ። ዚንክ ሲበዛ ሰውነትን መዳብ ያሳጣዋል፤ ሴሌኒየም ሲበዛ ራሱ መርዝ ነው፣ ፀጉር ያረግፋል። ምስርህን፣ ሽሮህን በደንብ በቦካ እንጀራ ብላ አለችኝ። ለካ ጤፉ ሲቦካ አይረኑንና ዚንኩን አስሮ የያዘው ነገር ይቀንሳል። እናቴ ሊጡ ሳይደርስ አልጋግርም የምትለው ለጣዕሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

እውነቱን ልንገርህ፣ የደሜ እርሳስ መውረድ የጀመረው ባትሪ ቤቱን ከለቀቅኩ ወዲህ ነው። አሁን ጎሚስታ ሆኛለሁ። ገቢው ያነሰ ነው።

አንተ ሥራውን ዛሬውኑ ተው አልልህም፤ የቤት ኪራዩን አውቀዋለሁ። ማቅለጡን ግን ከግቢ አውጣው። የሥራ ልብስህን ቤት አታስገባ። አቧራውን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። ትንሿ ልጅህ እዚያ አፈር ላይ እየተጫወተች እጇን አፏ ትከታለች። ልጆች ከዋጡት እርሳስ እስከ ግማሹ ድረስ ደማቸው ውስጥ ይገባል፤ አእምሯቸውንም ይጎዳል። አስመርምራት።

ብሩን ነገ እልክልሃለሁ። ምርመራው እዚያ ካልተገኘ ለሁለታችሁም እስከ አዲስ አበባ መሳፈሪያ ይሆናል። ስታልፉ እኔ ጋ እደሩ።