አራት ያገባብን ሰውዬ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? «እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ከናፍቆትህ በቀር» ብዬ ልጀምር ነበር። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው እንደዚያ ብሎ ሲጀምር ግን ለራሱም ያስቀዋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ኳስ ልግባ። ሌላውን እመጣበታለሁ።

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ዋለ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሳላህን ማልያ ለብሶ ሶፋው ላይ ሲዘል፣ «ግብፆች ከሳላህ በፊት ጎበዝ አጥቂ ነበራቸው?» አለኝ። እኔም ሳላስበው «ነበራቸው እንጂ! በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ብቻውን አራት ያገባ» አልኩት። «በማን ላይ?» አለ። ምራቄን ዋጥኩ። «በእኛ ላይ።» ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ሰውዬው መሐመድ ዲያብ አል አጣር ይባላል። የኳስ ስሙ ዲባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 እስክንድርያ ተወለደ፤ እዚያው ለከተማው ክለብ ለአል ኢቲሃድ ተጫወተ። የካይሮዎቹ አህሊና ዛማሌክ ሁሉን ነገር በሚጠቀልሉበት አገር የወደብ ከተማ ልጅ ሆኖ ለብሔራዊ ቡድን አጥቂ መሆን ቀላል አይደለም። ይሄን ለአንተ ማስረዳት የለብኝም፤ ድሬ ነው ያለኸው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ ሲደረግ ሦስት አገር ብቻ ነበር የተጫወተው። ሱዳን፣ ግብፅና እኛ። ደቡብ አፍሪካም ልትኖር ነበር፤ ዕጣው ከእኛ ጋር ነበር ያገናኛት። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስትል ግን ከውድድሩ ወጣች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍም የተመሠረተው በዚያው ወር እዚያው ካርቱም ነው፤ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እናም እኛ አንድም ጨዋታ ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን! አሁን ቢሆን ፌስቡክ ላይ ስንት ሳምንት እንደምንፎክር አስበው።

ግብፆቹ ግን ተሟሙቀው ነው የመጡት። ባለሜዳዋን ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፈዋል። የመጀመሪያውን ጎል ራፋት አቲያ በሪጎሬ አስቆጠረ፤ ማሸነፊያውን ዲባ። ከዚያ የካቲት 9 ቀን ከእኛ ጋር ገጠሙ። አራት ለዜሮ። አንድ፣ ዲባ። ሁለት፣ ዲባ። ሦስት፣ ዲባ። አራት፣ ዲባ። በአምስት ጎል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። እስከ ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አራት ያገባ ሌላ ሰው የለም።

የስዊዝ ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ወር ቢሆነው ነበር። አገሩ በቦምብ የተደበደበ ሰው ነው እንደዚያ የተጫወተው። እኔ ግን ከእሱ ይልቅ የማስበው የኛን በረኛ ነው። መረቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ኳስ ማውጣት፣ አራቴ፣ ከአንድ ሰው እግር። በረኛ ነበርኩና ይሄ ስሜት ይገባኛል። አንተ ደግሞ ያስገባኸኝ ነህ።

ያቺን ቀን አልረሳኋትም። ከታችኛው ሰፈር ጋር ስንጫወት ሰው ጎደለባቸውና «አንዱን ልጅ ስጡን» አሉ። አንተ ሄድክ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነበር፣ ኳሷ በካልሲ የተጠቀጠቀች ጨርቅ። አራቷንም በቀኜ በኩል፣ ከድንጋዩ ሥር ነው የከተትካት፤ በዚያ በኩል ለመውደቅ እንደምፈራ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ወር ሙሉ ኩርፊያ! ከኩርፊያው ያወጡን እናትህ ናቸው። በጣሳ ውሃ እያፈሰሱ እግራችንን እዚያው በረንዳው ላይ አንድ ሳፋ ውስጥ አሳጠቡን። «አንድ ጭቃ ለብሳችሁ ምን ያኮራርፋችኋል?» ያሉን አሁንም ይሰማኛል።

ወደ ዲባ ልመለስ። አገራችን ለሌሎች ሪከርድ ስታዋጣ ጎበዝ ናት። በ1959 በፈረንጆቹ፣ ካይሮ ላይ፣ ግብፆች ዳግመኛ 4 ለ 0 ሲረቱን ኤል ጎሃሪ ሦስት አገባብን። በፈረንጆቹ 1970 ደግሞ አይቮሪኮስታዊው ሎራን ፖኩ በአንድ ጨዋታ አምስት አስቆጠረብን፤ እሱም እዚያው ሱዳን። መሀል ላይ ግን ብድራችንን መልሰናል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ግርማ፣ ወንድማማቾቹ ቫሳሎዎች፣ መንግሥቱ ወርቁ። እኛም አራት!

ለልጁ እስከዚህ ድረስ ነው የነገርኩት። እሱ ከተኛ በኋላ ነው የቀረውን ለራሴ ያሰላሰልኩት። ዲባ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ዳኛ ሆነ። ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር ሲደረግ ፍጻሜውን እንዲመራ የተመደበው እሱ ነው። ጥር 12 ቀን 1960፣ ቃና ዘገሊላ፣ እሁድ ቀን። እስቲ አስበው፤ ጥምቀቱ ገና አላለፈም፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ነው፣ ከተማው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ስታዲየሙ መሀል ደግሞ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አራት ያገባብን ሰውዬ ፊሽካ ይዞ ቆሟል። አገሩ ዋንጫ የተነጠቀችበት ሜዳ ላይ። በፍጻሜ ጎል አግብቶ በሌላ ፍጻሜ ደግሞ ፊሽካ የነፋ ሌላ ሰው ጥራ ብትለኝ አልችልም።

የእኛ ልጆች በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፈው ወጥተዋል፣ ያውም በተጨማሪ ሰዓት። ኮንጎ ፍጻሜው ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ሻምፒዮን የነበረችውን ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሏን ያገባው ካላላ ነው፣ የሉቡምባሺው ክለብ የእንግለበርት ልጅ። ሉቡምባሺ ያኔ ካታንጋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። እኛ ስንት ዓመት ስታዲየሙ ውስጥ ካታንጋ በሚባለው መቀመጫ ተቀምጠን ስንጮህ የካታንጋ ክለብ ልጅ እዚያ ሜዳ ላይ ዋንጫ እንደበላ አናውቅም ነበር። ፈጽሞ!

አባትህ ያን ቀን ስታዲየም እንደነበሩ ይነግሩን ነበር፣ ትዝ ይልሃል? የካላላን ጎል በወንበር እግር እያሳዩ። ዳኛውን ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ዳኛው ስሙ ካልተነሳ ጥሩ አጫውቷል ማለት ነው መቼም።

ዲባ በ2016 ማብቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ፣ በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ይሄን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እናትህ ሲያርፉ ሰምቼ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። በዚያው ቀን ነው የተነገረኝ። ደሞዝ አልደረሰም፣ እጄ ላይ የትራንስፖርት እንኳ አልነበረኝም፣ መበደርም አፈርኩ። ለሰልስቱ እደርሳለሁ አልኩ። ከዚያ ለአርባው። አርባው ካለፈ በኋላ ስልኩን ባነሳሁት ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ደግሞ ቁጥርህን ማየትም ፈራሁ። እግሬን ያጠቡኝን ሴትዮ አልቀበርኩም። ብትቆጣኝ አይገርመኝም። አንተ ግን አልተቆጣህም፤ ዝም ነው ያልከው፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ለመጪው ቅዳሜ የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ። ፈቃድህን ሳልጠይቅ ነው፣ ይቅር በለኝ። መጀመሪያ መቃብራቸው ጋ ትወስደኛለህ። ቤት የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ የምትፈልገው ነገር ካለ እስከ ሐሙስ ደውልልኝ፤ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

አባትህን ደግሞ አስቀድመህ ጠይቅልኝ። ያን የቃና ዘገሊላ ቀን ፊሽካ የነፋው ማን እንደነበር ያስታውሳሉ?

ያንተው በረኛ