ጉልበት ከመቀየሩ በፊት ጥርስ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ67 ዓመቷ እናቴ በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጉልበት መገጣጠሚያዋን ለማስቀየር ለወራት ወረፋ ስትጠብቅ ከቆየች በኋላ፣ ቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ቤቷ ተመልሳለች። የሰመመን ባለሙያው አፏን እንድትከፍት ሲጠይቃት የተሰበረ የመንጋጋ ጥርስና ከሥሩ መግል የቋጠረ ድድ አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጎን ብቻ ስታኝክ፣ ሲጠዘጥዛትም ቅርንፉድ ነክሳ ስታድር እያየን፣ የጥርሷ ሕመም ጉልበቷን ይነካል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ያን ዕለት ሐኪሞቹን ተቀይሜ ነበር፤ ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ግን ቅያሜዬ ወደ ሌላ ዞረ። ከታመመ ድድ የሚነሣ ባክቴሪያ ጥርስ ሲነቀል ብቻ ሳይሆን ሲቦረሽና ምግብ ሲታኘክም ወደ ደም ይገባል። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ብረትና ፕላስቲክ በመሆኑ ደም አይዘዋወርበትም፤ ባክቴሪያው እዚያ ከተለጠፈ በላዩ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከመድኃኒትም ከሰውነት መከላከያም ይሸሸጋል። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ከ100 ታካሚዎች አንድ ወይም ሁለቱን የሚያገኝ ሲሆን አብዛኛውም ከአፍ ሳይሆን ከቆዳ የሚመጣ ነው። ለደረሰበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዳግመኛ መቀደድ፣ አንዳንዴም የተተከለውን አውጥቶ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ መውሰድ ማለት ነው። እንደ እናቴ ስኳር ላለበት ሰው ሥጋቱ ይብሳል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም፤ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሥ ይሆናል እንጂ የበሰበሰውን ጥርስ አይነቅልም።

ቅሬታዬ ቀዶ ሕክምናው መተላለፉ አይደለም። በእነዚያ ሁሉ ወራት ደሟ፣ ልቧና ራጅዋ ደጋግሞ ሲታይ ስለ ጥርሷ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። የተነቀለ ጥርስ ድዱ እስኪድን ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት በዋዜማው ሳይሆን ቀጠሮ በሚሰጥበት ዕለት ነው። ሆስፒታሎቻችን ለታካሚው በሚሰጡት የቅድመ ምርመራ ወረቀት ላይ «የጥርስና የድድ ምርመራ» የሚል አንድ መስመር እንዲጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወላጆቻቸው ወረፋ የሚጠብቁ ልጆችም ወረቀቱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ጥርስ ሐኪም ቢወስዷቸው ይበጃል።

እናቴ ሁለት ጥርሷን ተነቅላ ድዷ ድኗል፤ አዲሱን ቀጠሮ በምርኩዝ እየሄደች በመጠበቅ ላይ ናት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ